የሚያስቅ ግጥም ፍለጋ

መካነ ሰላም አማርኛ ሳስተምር ብዙ ዓመቴ ነው፤ እንደዚያ ሰሞን ግን ግጥም ጠልቼ አላውቅም።

ኢማሙና የደብሩ ቄስ ጎን ለጎን ሆነው ወደ ትምህርት ቤታችን ሲመጡ ሳይ ለደግ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ሁለቱ አብረው የሚሄዱት ወይ ለእርቅ ነው ወይ ለመርዶ። ከኋላቸው የአንዷ ተማሪዬ አክስት ነበረች። የልጅቱ እናት ሳዑዲ ሰው ቤት ስትሠራ ሞታ እዚያው ተቀብራለች። ወሬውን ያመጣችው አብራት ትሠራ የነበረችና ወደ አቀስታ የተመለሰች ሴት ናት። ልጅቱ ግን አታውቅም። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስለደረሰ እስክትፈተን ድረስ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ዘመድ ተማክሯል።

«አደራ ልጄ» አሉኝ ኢማሙ። «እናቷ የተንከራተተችው ለዚህ ፈተና ነው።»

«መደበቁስ ኃጢአት አይደለም?» አልኳቸው። አፌ አያርፍም።

«ነግረናት ብትወድቅስ?» አሉ ቄሱ።

በእኛ አገር መርዶ ሰዓት ተመርጦለት ነው የሚነገረው፤ እኔም ያደግሁት በዚሁ ነው። ቢሆንም እርር ብዬ ነበር፣ በማን እንደሆነ ግን እንጃ።

ልጅቱ የሚኒ ሚዲያ ክበባችን አንደኛ አንባቢ ናት። በተፈታኞች ሽኝት ላይ፣ ወላጅ በተሰበሰበበት፣ ግጥም የምታነበው እሷ እንደሆነች ሁሉም ያውቃል። ሌላ ልጅ ብተካ ትጠረጥራለች። አክስቷ «እንግዲያው የሚያስቅ ይሁን፤ እናት የሚል እንዳይኖርበት በአላህ» ብላ ለመነችኝ።

ለወጣቶች ተብሎ የተሰበሰበ የዘመኑ ግጥም መድበል አለን። ከደሴ ያስመጣሁት እኔው ነኝ፤ ልጆቹ እየተቀባበሉ ሽፋኑን ገንጥለውታል። ከአክስቷ ጋር መምህራን ክፍል ተቀምጠን ገለጥነው። እሷ ፊደል ስላልቆጠረች እኔ አነብላታለሁ። የመጀመሪያው ስለ እናት። ሁለተኛው ባሕር ውስጥ ስለቀረ ስደተኛ። ቀጥሎ ጦርነት፣ ቀጥሎ መቃብር፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና እናት። ኧረ ጉድ ነው! ሰብሳቢዎቹን ባገኛቸው ልክ ልካቸውን በነገርኳቸው። ገና ጢሙ ያላቀመቀመ ልጅ ከሞት ሌላ የሚያነበው የለም እንዴ? እርግጥ ልጆቹ መድበሉን የወደዱት እነዚያን ግጥሞች ብለው ነው፤ በየቤታቸው ያለውን ነገር ነው የሚናገሩላቸው። ዓረብ አገር የሄደ ዘመድ የሌለው ተማሪ ክፍሌ ውስጥ ብፈልግ አላገኝም። ያን ቀን ግን ይህን ማሰብ አልፈለግሁም።

መጨረሻው አካባቢ አንድ አገኘን። አንድ ጎረምሳ ፍቅረኛው ጋ ይደውላል። ስልኳ ዝግ ነው፤ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» የምትለዋ ሴት ብቻ ትመልስለታለች። ይደውላል፣ ደግሞ ይደውላል፣ በመጨረሻ የሴትዮዋን ድምፅ ወድዶ ሽማግሌ ልላክባት ይላል። አክስቷ በሻሿ ጫፍ አፏን ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። «ይኸው፣ እናት የለበትም» ተባባልን። ወላሂ፣ ለሁለታችንም ሌላ ነገር አልታየንም።

በሽኝቱ ቀን ተማሪዎቹ ከፊት፣ ወላጆች ከኋላ ተቀመጡ። ልጅቱ ማይክሮፎኑን ይዛ ጀመረች። የስልኳን ሴት ስታስመስል ደግሞ ለጉድ ነው! አፍንጫዋን ቆንጠጥ አድርጋ፣ ቃሉን ጎተት እያደረገች። ተማሪው አውካካ። እኔም በሷ ኮራሁ።

ሁለተኛ ጊዜ «ማግኘት አይችሉም» ስትል ከኋላ አንዲት ሴት ሲቃ ተናነቃት። ከዚያ ሌላዋ። ያን ጊዜ ክው አልኩ። ልጅቱ እናቷ ጋ ስትደውል ሰንብታለች፤ «ማዳሟ ስልኳን ቀምታት ይሆናል፣ አብሽሪ» እያሉ ሲያጽናኗት የከረሙት እነዚሁ ሴቶች ናቸው። ላስቆማት ተነሳሁ፤ ግን ምን ብዬ? አክስቷ ሻሿን ፊቷ ላይ ጣለች። ኢማሙና ቄሱ አንገታቸውን ደፍተዋል። አንዲት አሮጊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ኢና ሊላሂ» አሉ። ይህ ሰው ሲሞት ነው የሚባለው፤ ልጅቱም ታውቀዋለች።

ንባቧን አቆመች። ከፊት ያሉት ገና እየሳቁ ነበር። እሷ ግን የምታየው የኋላውን ረድፍ ነው፣ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው። መድበሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በተማሪዎቹ መሀል አለፈችና አክስቷ ፊት ቆመች።

«መቼ ነው የሞተችው?» አለቻት።

በአክስቷ ፋንታ ቄሱ «ወር አልፏል፣ ልጄ» አሏት።

ኢማሙ እጇን ያዙ። «ለሷ ብለሽ ተፈተኚ፤ ከዚያ ሁላችንም ተሰብስበን እናለቅስላታለን። አብሽሪ፣ የኔ ልጅ።» ከልባቸው ነበር።

ልጅቱ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች። አላለቀሰችም። ዞር ብላ እኔን አየችኝ።

«ቲቸር፣ እርስዎም ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አልኳት።

«እናቴ አንድ ሰው እንኳ ሳያለቅስላት ወር ሙሉ ቆይታለች» አለችኝ። «አሁንም ፈተናው እስኪያልፍ ጠብቂ ልበላት?»