የታንኳ አሠራር ፎቶ ላነሣ ወደ ይፋግ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ባሕር ዳር

መናኸሪያው ገና በደንብ አልነጋም። ረዳቱ «ወረታ፣ አዲስ ዘመን!» እያለ ይጣራል። ከሾፌሩ ኋላ መስኮት ዳር ተቀመጥሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ካሜራ፣ ትርፍ ባትሪ፣ ዳቦና ውኃ አለ።

ከፋብሪካ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ ፎቶ አነሣለሁ። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር እወርዳለሁ። ያነሣነውን የምንተያይ ጥቂት ሰዎች አለን። ከሁለት ወር በፊት አንዷ «እትዬ ሙሉ፣ የእርስዎ ፎቶ እኮ ሁሌም አንድ ነው። ፀሐይ፣ ውኃ፣ ጥቁር ታንኳ» አለችኝ። ቅር አለኝ። ቤቴ ገብቼ ሳየው ግን እውነቷን ነው።

ታንኳው ላይ ያለው ሰው አለኸኝ ነው። ከይፋግ በታች ካለ የሐይቅ ዳር መንደር መጥቶ ባሕር ዳር ዓሣ የሚያጠምድ ጎልማሳ። የተባልሁትን ስነግረው ሳቀ። «እኛ አገር ይምጡ፤ ታንኳ ከደንገል እንዴት እንደሚታሰር አሳይዎታለሁ። ያንን ማን አንሥቶት ያውቃል?» አለኝ። ብዙ ሳይቆይ አገሩ ገባ። ስልኩ አልሠራ ቢለኝም የመንደሩን ስም ስለያዝሁ ተነሣሁ።

1 ሰዓት ከሩብ፣ ሐሙሲት

የገበያ ቀን ነው። መንገዱ በአህያ፣ በጆንያና በዶሮ ተዘግቷል። መኪናው ሲቆም መስኮቱን ከፍቼ ሽንኩርት የተጫነ አህያ አነሣሁ።

«ለጋዜጣ ነው እትዬ?» አለ ሾፌሩ።

«ለራሴ ነው።»

«ለራስዎ ከሆነማ አህያውን ይተዉና እኔን ያንሡኝ። እሻላለሁ።»

«አህያው ዝም ይላል» አልሁት።

ተሳፋሪው ሳቀ። ሾፌሩን ግን አላነሣሁትም። ሰው ፊት ላይ ካሜራ መደገን ነውር ይመስለኛል። ከኋላ ወይም ከሩቅ ነው የማነሣ።

3 ሰዓት፣ ወረታ

የሩዝ እንጀራ በሽሮ በላሁ። ለስላሳ ነው፤ ቶሎ ይቆረሳል። ዘጠና ብር ከፈልሁና ሌላ መኪና ይዤ ይፋግ ወረድሁ። እዚያ ባጃጅ ተኮናተርሁ። መንገዱ በሩዝ ማሳ መካከል ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ ጭቃው ደርቆ የጎማ ፈለግ ሠርቷል። ሁለት ጊዜ አስቆምሁት፤ አንድ ጊዜ ለሽመላ፣ አንድ ጊዜ ለማሳው ውኃ።

«የማን ቤት ነው የሚሄዱት?» አለኝ ባለባጃጁ።

«አለኸኝ የሚባል ዓሣ አጥማጅ አለ።»

ፍጥነቱን ቀነሰ። «ለለቅሶ ነው?»

«የምን ለቅሶ?»

«አልሰሙም እንዴ? አለኸኝ እኮ አረፈ። ወባ ነው፤ ሦስት ቀን እንኳ ታሞ አልተኛም። እሑድ አርባው ነው።»

ማሳው ውስጥ ሽመላው ይራመዳል። ካሜራው እጄ ላይ እንደተከፈተ ቀረ። ከዚያ በኋላ ባለባጃጁ ያለኝን አላስታውስም።

5 ሰዓት፣ ከአለኸኝ ቤት

እናቱ ወይዘሮ ጥሩ ጥቁር ለብሰው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። በዕድሜ ከእኔ ብዙ አያንሱም። ታናሽ ወንድሙ ታደለ በርጩማ አቀረበልኝ። ግድግዳው ላይ የደረቀ ደንገል ተደግፏል።

«ለአንዲት ሴትዮ አሠራሩን ላሳያት ብሎ ያጨደው ነው» አለ ታደለ።

«እኔ ነኝ» አልሁ።

ፎቶ አነሣው እንደነበር ስናገር ወይዘሮ ጥሩ ብድግ አሉ። «ፎቶ አለው? አንድም የለን እኮ። መታወቂያው ኪሱ ውስጥ ውኃ ገብቶበት መልኩ ጠፍቷል። እሑድ ከሩቅ አገር ሰው ይመጣል። ምን አይተው ያልቅሱ?»

ካሜራውን ከፍቼ ሰጠኋቸው። ታደለ ቁልፉን እየተጫነ አሳያቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ዐሥር፣ ሃያ። ወይዘሮ ጥሩ ቀና አሉ።

«ፊቱስ?»

ካሜራውን ተቀብዬ እኔም ፈለግሁ። ፀሐይዋ ከኋላው፣ እሱ ጥቁር። ፀሐይዋ ከጎኑ፣ እሱ ጥቁር። ከአንድ መቶ በላይ ፎቶ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ሰላም ያለኝን ሰው ፊት አንድም ቀን አላነሣሁትም።

ወይዘሮ ጥሩ ጓዳ ገብተው አረንጓዴ ሸሚዝ ይዘው ወጡ። ለታደለ ዘረጉለት።

«ልበስና ታንሣህ። ቁርጥ እሱን ነህ፤ ማን ይለያችኋል?»

ታደለ ወደ ኋላ አለ። «እማ፣ በቁሜ ይለቀስብኝ?»

«ለወንድምህ ነው።»

«እህል ውኃዬን አትዝጊብኝ እንጂ።»

ሁለቱም እኔን አዩኝ። ዐይኔን ወደ ካሜራው መለስሁ። ታደለ የእናቱን እጅ አየ፤ ሸሚዙን እንደዘረጉ ናቸው። ተቀብሎ ለበሰው። ግድግዳው ሥር ቆመ፤ ላብ አጠመቀው።

እንዲህ ቀርቤ ሰው አንሥቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ተጫንሁ።

ወይዘሮ ጥሩ ፎቶውን ብዙ አዩት። በጣታቸው ነኩት። ከዚያ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩ።

«ይኼማ ታደለ ነው» አሉ። «አውልቀው ልጄ። አውልቀው።»

ሸሚዙን አጥፈው ጭናቸው ላይ አደረጉና ጥቁሮቹን ፎቶዎች እንደገና ጠየቁኝ። አንዱ ላይ ቆሙ። «ይኼ እሱ ነው። ግራኝ ነበር፤ የመቅዘፊያ ዘንጉን እዪው በየት በኩል እንደያዘው። አገሩ ሁሉ በዚህ ያውቀዋል። ይኼ ይሁን።»

ያን ሁሉ ጊዜ ሳነሣው ግራኝ መሆኑን ልብ አላልሁም።

ልነሣ ስል እጄን ያዙኝ። «እህቴ፣ እኔንም አንሺኝ። ነገ ይኼ ልጅ እንዳይቸገር።»

«እማ፣ ተይ እንጂ» አለ ታደለ።

«ዝም በል። ነጠላዬን አምጣልኝ።»

ነጠላቸውን አስተካክለው የካሜራውን መስተዋት ቀጥ ብለው አዩት። ዐይናቸውን አልከደኑም። ጥላውን ሸሽቼ፣ ብርሃኑ ፊታቸው ላይ እስኪያርፍ ጠብቄ አነሣኋቸው። ታደለንም በራሱ ልብስ አነሣሁት፤ ስልክ ቁጥሩንም ያዝሁ።

11 ሰዓት ተኩል፣ ባሕር ዳር

ከመናኸሪያው በቀጥታ ፎቶ ቤት ገባሁ። ለአርባው እንዲደርስ ነገ ለወረታ መኪና ሾፌር ሰጥቼ መላክ አለብኝ። የምታትመው ልጅ የአለኸኝን ፎቶ አይታ «ጠቁራለች፤ ላብራት?» አለችኝ። አበራችው። ሰማዩ ነጣ፤ ፊት ግን አልወጣም።

«እንደነበረች ትሁን። ከሥሯ ስሙን ጻፊበት። አለኸኝ።»

ጻፈችው። «የአባቱስ?»

የአባቱን ስም አላውቅም። ጠይቄው አላውቅም።

ልጅቷ ጣቷን ከፊደሉ ገበታ ላይ ሳታነሣ ጠበቀችኝ። ለታደለ ደወልሁ። ስልኩን ያነሡት ወይዘሮ ጥሩ ናቸው። ስሙን ከነአባቱ ሁለት ጊዜ ነገሩኝ፤ ሁለተኛውን ጊዜ ቀስ አድርገው።