ጋሽ ዘነበ ሰው ሳይሞት የነፉት ጥሩምባ

ጋሽ ዘነበ ከአሜሪካ በተመለሱ በአራተኛው ቀን፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የእድራችንን ጥሩምባ ነፉ። የሞተ ሰው ግን አልነበረም።

እኔ እዚህ ካራ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ጋሽ ዘነበ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጥሩምባ ነፊያችን ነበሩ። ሰው ሲሞት በራቸው ይንኳኳል፤ ኮታቸውን ደርበው ይወጡና ከአስፋልቱ እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ እየነፉ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋሉ። ባለቤታቸው ያረፉ ጊዜ እንኳ የነፉት ራሳቸው ናቸው። በሥራቸው ምክንያት ይመስለኛል ሰው አይቀርባቸውም። ባዶ እጃቸውን መንገድ ላይ ስናገኛቸው እንኳ ሰላምታችን የጥድፊያ ነው። ሠርግ ሲጠሩ አይቼ አላውቅም። እኔም ልጄን ስድር አልጠራኋቸውም። ረሳሁ ብዬ ነበር፤ ውሸቴን ነው።

አሜሪካ የወሰደቻቸው ልጃቸው ማስተዋል ናት፤ ኒው ኦርሊንስ የምትባል ከተማ፣ ለሦስት ሳምንት። ለእድሩ ሰብሳቢ ለሕዝቅኤል ነግረውት ነበር፤ እሱ ረስቶታል። እኛም በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ሰው ስላልሞተ አልፈለግናቸውም።

ያን ዕለት ጥሩምባው ሲነፋ ከአልጋዬ ዘልዬ ተነሳሁ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ። የጎረቤቴ የአስካለች እናት ላምበረት ሰፈር፣ ወንድሟ ቤት ታመው ተኝተው ነበርና «እናቴን! እናቴን!» እያለች ጫማ እንኳ ሳታደርግ ሮጣ ወጣች። መንገዱ መሐል ጋሽ ዘነበ አዲስ ሸሚዝ ለብሰው፣ በአንድ እጃቸው ጥሩምባ፣ በሌላው ፌስታል ይዘው ቆመዋል። ፈገግ ብለዋል።

«ማነው የሞተው?» አልኳቸው።

«ማንም አልሞተም። እኔ ነኝ፤ ከአሜሪካ መጣሁ» አሉ።

አስካለች መሬት ላይ ዘጭ ብላ አለቀሰች። ሌላው በስድብ ወረደባቸው። እኔም ንዴቴ ቅርብ ነው፤ «በሰው ሞት ይቀለዳል እንዴ ጋሽ ዘነበ? በዚህ ዕድሜዎ አያፍሩም?» ብዬ ጮኽኩባቸው። ፈገግታቸው ወዲያው አልጠፋም። ምን እንደሚያደርጉት የጨነቃቸው ይመስል ፊታቸው ላይ ትንሽ ቆየ። ፌስታሉ ውስጥ ምን እንዳለ የጠየቀ አልነበረም።

እሑድ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ከእንግዲህ መርዶ በቴሌግራም ግሩፕ እንዲነገር፣ ጥሩምባው ከድንኳኑና ከወንበሮቹ ጋር መጋዘን እንዲገባ ተወሰነ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሕዝቅኤል ሄዶ ጥሩምባውን ተረከባቸው። በዚያው ፌስታል ውስጥ ከተው ሰጡት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሰው ሞተ፤ ሁለቱንም በስልክ ሰማን። ጋሽ ዘነበን ለወራት መንገድ ላይ ያየ የለም። አንድ ቅዳሜ መጋዘኑን ላጸዳ ገብቼ ፌስታሉን ሳነሳው ከጥሩምባው ሥር የፕላስቲክ የአንገት ዶቃዎች አገኘሁ። ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ወርቃማ ናቸው። በየዶቃው ላይ በወረቀት የሰፈሩ ልጆች ስም ተለጥፏል። የእኔ የልጅ ልጅ የሀሴትም ነበረበት። ስሟን እንደሚያውቁት እንኳ አላውቅም ነበር። መጥረጊያውን እዚያው ጥዬ ቤታቸው ሄድኩ።

በሩን ሳንኳኳ ውስጥ ግርግር ሰማሁ። ኮታቸውን አንድ እጁን ብቻ አጥልቀው ወጡ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም ጋሽ ዘነበ።»

«ታዲያ ምን ሆናችሁ?»

«ምንም። ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ያ የሄዱበት ከተማ እንዴት ነበር?»

ሌላ ሰው ካለ ብለው ከኋላዬ ተመለከቱ። ከዚያ አስገቡኝ።

መጀመሪያ ላይ ስለ ሙቀቱ ብቻ ነገሩኝ፤ ሸሚዝ ጀርባ ላይ ይጣበቃል አሉ። ቀስ በቀስ አፋቸው ተፈታ። በጠራራ ፀሐይ ከየበሩ ሙዚቃ ይወጣል፤ ጎረምሶች የቀለም ባልዲ ደፍተው እንደ ከበሮ ይመቱታል፤ መንገደኛውም ሥራ የሌለው ይመስል ቆሞ ያጨበጭባል። ማስተዋል ሁለት ቦታ ስለምትሠራ እሳቸው ቀኑን ብቻቸውን በረንዳ ላይ ይውሉ ነበር። አንድ ቀን ግን የጥሩምባ ድምፅ ሰምተው ተከተሉት።

«ቀብር ነው ጵርስቅላ» አሉኝ። «ሲሸኙት ቀስ ብለው፣ በኀዘን ነፉ። ቀብረው ሲመለሱ ግን ዘፈን አደረጉት። ሰዉ ጃንጥላውን ይዞ እየጨፈረ ከየቤቱ ወጣ። ያበዱ መሰለኝ። ከፊት የሚነፋው ሰውዬ የኔ እኩያ ነው። ልጆች ኮቱን ይይዙታል፣ ትልልቁ ያቅፈዋል። የሰው ቀብር ላይ የሚነፋ ሰው እኮ ነው! እኔም እነፋለሁ ብዬ በእጄ አሳየሁት። ገባው። ይቺን ከአንገቱ አውጥቶ አጠለቀልኝ።»

ሸሚዛቸውን ገለጥ አድርገው ዶቃውን አሳዩኝ። ሐምራዊ ነበር።

«እኔም አንድ ቀን ሰው ጥሩምባዬን ሰምቶ ደስ ብሎት ቢወጣ ብዬ ነው እንጂ ለቀልድ አልነበረም» አሉ።

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ተይው» አሉኝና ስለ ባልዲው ከበሮ እንደገና ነገሩኝ። ጀምበር ወደ እንጦጦ ስታዘቀዝቅ ተነሳሁ። እስከ አጥሩ በር ሸኙኝ፤ መዝጊያውን ይዘው ትንሽ አመነቱ።

«ጵርስቅላ» አሉኝ፣ «ሰው ሳይሞትም ነይ እንግዲህ።»