የተዘለሉት ገጾች

መምህሯ የሥዕል መጽሐፉን ስታነብ ሦስት ገጽ አንድ ላይ ትገለብጥ ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሓድነት በሚባል ሰፈር ባለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ሞግዚት ነበርኩ። አፍንጫ እጠርጋለሁ፣ ሽንት ቤት አደርሳለሁ፣ ወለል እወለውላለሁ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ መምህራን ባሉበት አፌን አልከፍትም። መምህሯ በዕድሜ ባትበልጠኝም እርስዎ እላት ነበር።

መጽሐፎቹ በስጦታ የመጡ ናቸው። ልጆች ያቆሽሿቸዋል ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባቸው ዐርብ ዐርብ አንዱ ብቻ ይወጣል። ልጆቹ የሚወዱት ወንዝ ማዶ ለቀረችው ድመቷ ድልድይ ስለምትሠራ ልጅ የሚያወራውን ነው። ጽሑፉ የፈረንጅ ነው፤ ሥዕሉ ግን ለእኔም ይነበባል። ልጅቷ በገመድ ትሞክራለች፣ ይበጠሳል። በጣውላ ትሞክራለች፣ ይሰበራል። ቁጭ ብላ የተሰበረበትን ቦታ ታያለች። መምህሯ የምትዘለው ይህንኑ ነው፤ ከወንዙ በቀጥታ ወደ ቆመው ድልድይ።

«ቲቸር፣ ዘለልሽ እኮ!» አለች አንድ ቀን ከፊት የተቀመጠች ልጅ።

«እሱ የተበላሸው ነው። የሰነፍ ሥራ አናይም። ጎበዟ ምን ሠራች?»

«ድልድይ!»

«አጨብጭቡላት!»

ሰነፍ! ሥራ የሚጠላም ሰነፍ ነው፣ ሲለፋ ውሎ ያልገባውም ሰነፍ ነው። ለሁለቱም አንድ ቃል። እኔ ከቦኖ ውሃ ቀድቼ፣ እናቴ የምትሸጠውን ቆሎ ቆልቼ ነበር ትምህርት ቤት የምደርሰው፤ ካርዴ ላይ ግን «ሰነፍ» ተብሎ ተጻፈ። አባቴ ከወሎ መጥቶ በጉልበቱ ያደረ ሰው ነው። ካርዱ ሲነበብለት ቃሉን በሚያውቀው መንገድ ተረዳው። «ሥራ ትጠያለሽ እንዴ?» አለኝ።

ከልጆቹ መካከል አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። በካርቶን የሠራችው ቤት መምህሯ ፊት ተደረመሰባትና «ሰነፍ» ተባለች፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ እጆቿን ከጭኗ ሥር ወሽቃ ነው የምትውለው። እርሳስ ስሰጣት «ሰነፍ እኮ ነኝ፣ ሓፍተይ» ትለኛለች፤ እህቴ ማለቷ ነው። በአምስት ዓመቷ! እነዚያን እጆች ከዚያ ማውጣት ነበር የፈለግኩት፤ ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

አንድ ቀን መምህሯ ቁልፉን ቁም ሣጥኑ ላይ ረስታ ስብሰባ ገባች። መጽሐፉን አወጣሁና የተዘለሉትን ገጾች ብቻ አሳየኋቸው። «ወደቀ! ደግሞ ወደቀ!» እያሉ በሳቅ ፈረሱ። የውሃ ፈረቃችን ስለነበር ወደ ግቢው ወሰድኳቸው። የውሃ ፕላስቲኮች ቆርጠን፣ አንዱን ባንዱ ላይ ቀጥለን፣ ከቧንቧው ወደ በርሜሉ ቦይ ሠራን። ውሃው መሃል ላይ ፈሰሰ።

«ሓፍተይ ሰነፍ! ሓፍተይ ሰነፍ!» እያሉ ዘለሉ።

«እሺ፣ የት ጋ ነው ያበላሸሁት?» አልኳቸው።

እጆቿን ከጭኗ ሥር ወሽቃ ዳር የተቀመጠችው ያቺ ልጅ አንድ እጇን አወጣች። «እዚህ ጋ ጎብጧል» አለች። ቀጥላ ጫማዋን አወለቀችና ልትደግፍበት ጎንበስ አለች።

«ምንድነው ይሄ ጭቃ?» መምህሯ በሩ ላይ ቆማለች። «መጽሐፉንስ ማን አውጪ አለሽ? መወልወል ሳትችዪ ልታስተምሪ ነው?» ወደ ልጅቷ ዞረች። «አንቺ ደግሞ፣ ያቺ ሰነፍ፣ ተነሺ!»

የልጅቷ እጅ ጫማውን እንደያዘ ሲላላ አየሁ።

«ይተዉአት!» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። «አልጨረሰችም!»

በማግስቱ ለዚህ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ንብረት ያለፈቃድ አውጥታለች ይላል፤ ስለ ልጅቷ አንድ ቃል የለበትም። ፈረምኩ።

ያን ዕለት ግን ዓይኔ ከልጅቷ ላይ አልተነሳም። ጫማዋን ከጎበጠው ሥር ወሸቀችው። ከውሃው ጥቂቱ በርሜሉ ውስጥ ጠብ ጠብ አለ፤ ብዙው አሁንም መሬት ላይ ይፈሳል። ቀና ብላ መምህሯን አላየቻትም።

«ገና ነው» አለች ቆጣ ብላ። ሁለተኛውንም ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።