ዝም የሚል እንዳይኖር

ትናንት ማታ መብራት ሲጠፋ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ የብረት መዝጊያውን እያንቋቋ አወረደው። ያ ድምፅ ከኮልፌ አንስቶ ኬንያ፣ ወደ ልጅነቴ ወሰደኝ።

ከቤተ ክርስቲያናችን የሕፃናት መዘምራን ጋር ለአገልግሎት ሄደን፣ በሌሊት ስንጓዝ የተሳፈርንበት ባቡር ጫካ መሃል ቀጥ አለ። መብራቱም ጠፋ። ውጭ ሰዎች በማናውቀው ቋንቋ እየጮሁ የባቡሩን ብረት ይደበድባሉ። አሰልጣኛችን እህት አስቴር የመስኮቱን መዝጊያ ጎትታ ዘጋችና፣ «በየተራ ዘምሩ! ዝም የሚል እንዳይኖር» አለችን።

አሁን ደግሞ ልምምድ! ብዬ ተናደድኩባት።

ጓደኛዬ ቶማስ መዝሙሩን ለቅሶ ሲያቋርጥበት፣ «ግድ የለም ቶማስዬ፣ አበላሸው፤ ብቻ ልስማህ» አለችው። ዜማ ስንስት ከመጀመሪያው የምታስጀምረን ሴት! የሚደበድቡት ባቡሩን የሚጠግኑ ሠራተኞች መሆናቸውን ያወቅነው ሲነጋ ነው።

ትናንት ማታ ልጆቼ በጨለማው ውስጥ አልታይ አሉኝ።

«እስቲ ዘምሩ!» አልኳቸው ሳላስበው።

«እማዬ፣ ፈራሽ እንዴ?» አለችኝ ትንሿ።

እህት አስቴርን ያን ሌሊት ማናችንም ይህን አልጠየቅናት።