ከማላውቀው ሰው ጋር ክርክር

ክርክር እወዳለሁ። ጎሚስታ ነኝ፤ ጎሚስታ ደግሞ ጡረታ የለውም። አዲሱ ገበያ አካባቢ ካለችው ጠባብ ሱቄ ደጃፍ ላይ ጎማው የተነፈሰበት ሰው እስኪመጣ ቁጭ እላለሁ። ቁጭ ያለ ሰው ወይ ያንቀላፋል ወይ ይከራከራል፤ እኔን ቀን እንቅልፍ አይወስደኝም። ድሮ የምከራከረው ከሾፌሮች ጋር ነበር። ስማርት ስልክ ከገዛሁ ወዲህ ግን ቴሌግራም ላይ አንድ የሃይማኖት መወያያ ግሩፕ ገባሁና ከሾፌሮቹ የባሱ ተከራካሪዎች አገኘሁ። ባለቤቴ «ከማታውቀው ሰው ጋር ስትጨቃጨቅ ምሳህ ቀዘቀዘ» ማለት የጀመረችው ያኔ ነው።

ከሁሉም የሚበረታብኝ አንድ ጴንጤ ነው። ስሙን አላውቅም፤ ፎቶው ላይ ያለው ጽጌረዳ አበባ ነው። ሆሳዕና ከተማ እንደሚኖር፣ ከኦርቶዶክስ ቤተሰብ ተወልዶ በኋላ እንደወጣ ነግሮኛል። የእመቤታችንን አማላጅነት ሳነሳ ጥቅስ ይመዝብኛል፤ እኔም እመዝበታለሁ። ጥቅስ ሲያልቅብኝ ወደ ንስሐ አባቴ እሮጣለሁ። እሳቸውም አንድ ቀን መልሱን አብራርተውልኝ ሲያበቁ፣ «ይኼን ሁሉ የምትጠይቀኝ ለማን ነው?» አሉኝ።

«ለማላውቀው ሰው ነው፣ አባ።»

«ጥሩ ነው። ለራስህ ብለህ ግን አንድ ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም» አሉና ሳቁ።

እውነታቸውን ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንጦጦ ማርያም ወጥቼ ስሳለም ኖሬ፣ ቅዳሴው ምን እንደሚል አልጠየቅኩም ነበር። ባለ ጽጌረዳው ሰውዬ ባይነዘንዘኝ ኖሮ ሳላውቀው እሞት ነበር። አሁን ቄሱ ሲቀድሱ ቃሉን እከተላለሁ፤ ደስም ይለኛል። ይኼ ሁሉ ክርክር እምነትህን አልለወጠውም ወይ ለሚሉኝ፣ የላላው ብሎን ጠበቀ እንጂ ማኪናው አልተለወጠም እላቸዋለሁ።

ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። የምከራከረው ለሃይማኖቴ ብቻ ብዬ አልነበረም። ያለችኝ አንዲት ሴት ልጅ ነች፤ እሷም ጴንጤ ሆናለች። ዩኒቨርሲቲ ሳለች ጀመረች፤ ከዚያ እዚያው ቸርች ያገኘችውን ልጅ አገባች። ጨዋ ልጅ ነው፤ እሱን አላማውም። አንድ ቀን ልጄን ቁጭ አድርጌ በጥቅስ እረታታለሁ፣ ከዚያ ትመለሳለች ብዬ አስብ ነበር። ባለ ጽጌረዳው ሰውዬ መለማመጃዬ ነበር። እሱን አፍ ያስያዝኩበትን ጥቅስ ሁሉ ለሷ ብዬ አስቀምጣለሁ።

ያ ቀን ግን አይመጣም። እሑድ እሑድ ከሰዓት እኛ ጋ ትመጣለች፤ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ታክሲ እጥረት፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ እናወራለን። የማርያም ማኅበር እኛ ቤት በሚውልበት እሑድ ባለቤቴ ሁለት ድፎ ትደፋለች። አንዱን ቄሱ ይባርኩታል፤ ማኅበርተኛው ይቀምሰዋል። ሌላውን ጸሎት ሳይደረስበት በፎጣ ጠቅልላ ቡፌው ውስጥ ትሸሽገዋለች፤ የዝክር ዳቦ ልጃችን አትበላማ። ማኅበርተኛው ሲበተን ልጄ ትመጣለች፣ ያ ዳቦ ይቆረስላታል። ያልተባረከ መሆኑን ታውቃለች፤ እናቷም ማወቋን ታውቃለች፤ እኔም የሁለቱንም አውቃለሁ። ሦስታችንም «ዛሬስ ጥሩ በስሏል» እያልን እንበላለን። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? እኔም በዚያ አምን ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት ባለ ጽጌረዳው ሰውዬ በጥቅስ ወጥሮ ያዘኝና ተናደድኩ። ጥቅሱን ትቼ፣ «ለመሆኑ ስትወጣ አባትህ ምን አሉህ?» ብዬ ጻፍኩለት። ላሳፍረው ነበር። ሌላ ጊዜ ወዲያው የሚመልስ ሰው ዘገየ። የአንድ ሚኒባስ ጎማ ለጥፌ፣ እጄን ታጥቤ ስመለስ መልሱ ደርሷል።

«ምንም አላለኝም። እስኪሞት ድረስ ስለ ዝናብና ስለ ከብት ነበር የምናወራው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ለምን ብሎ ቢጠይቀኝ የምመለስ አይመስለኝም፤ ግን ሊያውቀኝ እንደፈለገ ይገባኝ ነበር።»

ሁለቴ አነበብኩት። «ነፍሳቸውን ይማር» ብዬ ጻፍኩለት። እነሱ ለሞተ ሰው እንደማይጸልዩ አውቃለሁ፤ ስንቴ ተከራክረንበታል። ያን ቀን ግን «አሜን» ብቻ አለኝ።

ስልኩን ኪሴ ከትቼ ቁጭ አልኩ። ፈራሁ። የዚያ ሰው ቤት ዝምታው ነቅዟል፤ አባቱም ሞተዋል፤ የሚጠይቀው የለም። እኔ ገና በሕይወት አለሁ። ለካ ልጄን ልረታት እንጂ ልጠይቃት አስቤ አላውቅም።

በዚያው ሳምንት እሑድ ልጄን ታክሲ ላሳፍራት አዲሱ ገበያ ድረስ አብሬያት ወረድኩ። ሰልፉ ረጅም ነው። ከሾፌር ጋር ስጨቃጨቅ የማይደናቀፍ ምላሴ ተሳሰረ።

«እ... ማለቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር።»

«ጠይቀኝ፣ አባዬ።»

«ከቤተ ክርስቲያናችን ለምን ሄድሽ? ልከራከርሽ አይደለም። ማወቅ ፈልጌ ነው።»

ሰልፉ ፈቀቅ ሲል እኛም ፈቀቅ አልን። ቀና ብዬ ሳያት ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ፈገግም ብላለች።

«ያኔ፣ ለናንተ የነገርኳችሁ ቀን፣ ትጠይቀኛለህ ብዬ መልሱን አጥንቼ ነበር» አለችኝ። «በቃሌ ነበር የያዝኩት። ሳትጠይቀኝ ስትቀር ረሳሁት።»

«በቃ ያስታወስሽውን ንገሪኝ።»

ታክሲው መጣ። ተራ አስከባሪው «እህት፣ ግቢ እንጂ» ሲላት ከኋላዋ ያለውን ሰው በእጇ አሳለፈችው፤ ከዚያ ክንዴን ይዛ ከሰልፉ አወጣችኝ። አጥር ሥር ቆመን ነገረችኝ። ከነገረችኝ ግማሹ እስካሁን አልተዋጠልኝም። ያን ቀን ግን አንዴም አላቋረጥኳትም፤ ታክሲዎቹ እየሞሉ ሲሄዱ እሷ ገና ታወራ ነበር።