ማመልከቻቸው ወፍ የሆነባቸው ሴት

የወረቀት ወፍ ማጠፍ የተማርኩት አርባ ሦስት ዓመት ከሞላኝ በኋላ፣ ወልድያ ላይ፣ በመንግሥት ሥልጠና ነው። መርሳ ከተማ የመስኖ ባለሙያ ነኝ። ቤቴ ወልድያ ስለሆነ ጠዋት በሚኒባስ እወርዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። ሥራዬ ውሃ ገበሬው ማሳ ድረስ እንዲደርስ ማድረግ ነው። ውሃው አብዛኛውን ጊዜ የገዛ ፈቃዱን ስለሚከተል ግን የሄደበትን እያየሁ ሪፖርት እጽፋለሁ።

ሥልጠናው የሥራ ጫናና ጭንቀትን ስለ መቋቋም ነበር። ያሳለፍናቸው ዓመታት ከባድ ስለነበሩ ማንም አያስፈልገኝም አላለም። እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሥራ ጫና አልነበረብኝም። ጫናው የነበረበት ከጠረጴዛዬ ኋላ ያለው ሼልፍ ነው፤ የሚነካው ያጣ ፋይል ተሸክሞ መሐሉ ጎብጧል። ያም ሆኖ የተጠራሁት እኔ እንጂ ሼልፉ ስላልሆነ ሄድኩ።

ሁለት ቀን ሙሉ እንዴት መተንፈስ እንዳለብን ተማርን። ሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከአዲስ አበባ የመጣችው አሠልጣኝ፣ ድምፅዋ ለስላሳ የሆነ ወጣት ሴት፣ ወፍ እንደምናጥፍ ነገረችን።

«እጅ ሲሠራ ልብ ያርፋል» አለች።

ለዚሁ ተብሎ የተገዛው ባለቀለም ወረቀት ደሴ ቀርቷል ተባለ። ለምን ደሴ እንደቀረ የጠየቀ የለም፤ ሁላችንም የመንግሥት ሠራተኞች ነን። «ያላችሁን ተጠቀሙ፣ ሙሉ ገጽ ይሁን እንጂ» አለች። የተሰጠን ማስታወሻ ደብተር የመዳፍ ያህል ናት። ከቦርሳዬ ያን ሰሞን አየዋለሁ ብዬ ይዤው የምዞረውን ክላሰር አወጣሁና ከላይ ያለውን ወረቀት ሳብኩ። ጀርባው ንጹሕ ነው፤ ፊቱ ላይ የእጅ ጽሑፍ አለ። አላነበብኩትም። እስካሁን ካላነበብኩት አስፈላጊ ሊሆን አይችልም ብዬ ደመደምኩ፤ ይህን ዓይነት ድምዳሜ ላይ ለመድረስ አሥራ ስድስት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል።

መጀመሪያ ወረቀቱ እኩል አራት ማዕዘን መሆን አለበት። አንዱን ጥግ ወደ ማዶው ጠርዝ አጠፍኩና ከታች የተረፈውን ቁራጭ በጥንቃቄ ቀደድኩት። ቁራጩን መሬት መጣል ነውር መስሎኝ ክላሰሩ ውስጥ ከተትኩት። ቀጥሎ ሰያፍ ማጠፍ፣ መዘርጋት፣ በሌላው ሰያፍ ማጠፍ፣ መገልበጥ። አራቱ ጥጎች ተሰብስበው ትንሽ አራት ማዕዘን ሲሆኑ ግማሹ አዳራሽ ተስፋ ቆርጦ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ የላይኛውን ንብርብር ይዞ እንደ አፍ ከፍቶ፣ ሳይቀደድ ወደ ላይ መሳብ። ሁለት ጊዜ ከሸፈብኝ፤ በሦስተኛው እሺ አለኝ። አንገቱን አወጣሁ፣ ጭራውን አወጣሁ፣ ምንቃሩን ሰበር አደረግሁ፣ ክንፎቹን ዘረጋሁ። ደረቱን ይዤ ጭራውን ስስበው ክንፉ ተርገበገበ።

አሠልጣኟ ወፌን ከፍ አድርጋ አሳየች። ተጨበጨበልኝ። ካገለገልኩበት ጊዜ ሁሉ በሥራ ሰዓት የተጨበጨበልኝ ያን ዕለት ብቻ ነው፤ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። አብረውን ይሠለጥኑ የነበሩት አለቃዬ፣ በዕድሜ ከእኔ ስድስት ዓመት የሚያንሱ ግን በሥልጣናቸው ምክንያት አንቱ የምላቸው ሰው፣ ወፉን ተቀብለው ይዘውት ፎቶ ተነሡ። «ይሄ የጽሕፈት ቤታችን ውጤት ነው» አሉ። መርሳ ወስደውም ጠረጴዛቸው ላይ፣ ከትንሿ ባንዲራ ጎን አስቀመጡት። በዚያ ዓመት ያስመዘገብነው ሌላ ውጤት ትዝ አይለኝም።

ሰኞ ጠዋት አንድ እናት ቢሮዬ መጡ። ከመርሳ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ፣ ሁለት ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው የሚመጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሙስሊም ገበሬ ናቸው፤ ቦዩ ሥር ትንሽ የሽንኩርት ማሳ አለቻቸው። ይህ አምስተኛ መምጣታቸው ነበር። ወንበር ሰጠኋቸው፤ ወንበር መስጠት ላይ ጎበዝ ነኝ።

«እንዴት አደርክ ልጄ? ያቺ ወረቀቴ የት ደረሰች?»

«በሒደት ላይ ናት፣ እማማ።»

«ሒደት ያልከው አገር ሩቅ ነው?» አሉ። እየቀለዱ ይሁን የምር፣ ከፊታቸው መለየት አልቻልኩም።

አሳያቸዋለሁ ብዬ ክላሰሩን ከፈትኩ። ወረቀቷ የለችም። ደግሜ ገለጥኩ። ከኋላ አራት ጣት ያህል ስፋት ያላት ቁራጭ ወረቀት ዱብ አለች፤ ላይዋ ላይ ሰማያዊ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ክንፉ ሲርገበገብ፣ ሰው ሲያጨበጭብ፣ አለቃዬ ፎቶ ሲነሡ ሁሉም ባንድ ጊዜ ታየኝ።

ለመዋሸት አስቤ ነበር። «ለዞን ተልኳል» ማለት ይቻላል፤ ዞን የተላከን ነገር የሚጠይቅ የለም። ሴትየዋ ግን ቁራጯን አይተዋል።

«ይሄ የኔ ጣት አይደል?» አሉ።

«ነው፣ እማማ። አፉ ይበሉኝ። ወረቀትዎን ሳላየው… ወፍ አድርጌዋለሁ።»

ከዚያ የሆነውን ሁሉ ከሥልጠናው ጀምሬ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «ግድ የለም» አሉ። «የበፊቷ ማመልከቻዬ ከዚህ ሼልፍ ወርዳ አታውቅም። ይቺ ወልድያ ደርሳ መጥታለች፣ አልሐምዱሊላህ።»

ከስድብ ሁሉ የሚያመው እንዲህ ረጋ ብሎ የሚነገረው ነው።

ተያይዘን አለቃዬ ቢሮ ገባን። ወፉ ከባንዲራዋ ጎን ቆሟል። ነገሩን ሳስረዳ አለቃዬ መጀመሪያ የጠየቁት፣ «ታዲያ ሊፈታ ነው?» የሚል ነበር። ክንፉን መዘርጋት ስጀምርም፣ «ቀስ በል፣ እንዳይቀደድ» አሉኝ፤ ለማመልከቻው ተጨንቀው እንዳልሆነ ከዓይናቸው ያስታውቅ ነበር። ምንቃሩን አቀናሁ፣ አንገቱን መለስኩ፣ እጥፋት በእጥፋት ተመለሰና መሐሉ ሁሉ የተሸበሸበ ወረቀት ሆነ። አለቃዬ ጮክ ብለው አነበቡት። ገበያ ዳር የሚቀመጥ ማመልከቻ ጸሐፊ የጻፈው ነው፤ ቦዩ ከማሳቸው በላይ ተሰንጥቆ ውሃው ሽንኩርታቸውን እያሰጠመው ስለሆነ፣ የመስኖ ባለሙያው መጥቶ እንዲያይላቸው ይለምናል።

«ባለሙያው ማነው?» አሉ አለቃዬ።

«እኔ ነኝ።»

አለቃዬ ወረቀቱን ገለባበጡና አንድ ነገር አገኙ። «ፊርማም አሻራም የለበትም። እንዲህ ከሆነ እኮ ተቀባይነት የለውም።» ቁራጯን አቀረብኩ። «ከማመልከቻው ተለይታለች» አሉ፤ «እንደ አዲስ ቢያመለክቱ ይሻላል።»

ሴትየዋ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የማኅተም ቀለም ራሳቸው ከፈቱ፣ አውራ ጣታቸውን ነከሩና ወረቀቱ ላይ፣ ክንፍ የነበረው ጋ፣ ጫን አድርገው አተሙት።

«ያቺን ብትቀዷት ጣቲቱ እኔው ጋ ናት» አሉ። «ይኼንንም ከቀደዳችሁት ዘጠኝ ይቀሩኛል።»

አለቃዬ ወረቀቱ አናት ላይ «ነገውኑ ይታይ» ብለው መሩበት።

በማግስቱ ሄድኩ። ስንጥቁን ለማግኘት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም ነበር፤ ክንድ የሚያስገባ ቀዳዳ ነው። ጎረቤቶች ጆንያ በአሸዋ ሞልተው ጠቅጥቀውበታል፤ ውሃው ግን ከሥር ይወጣል። ከማሳው ግማሹ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል፣ አንዱን ሽንኩርት ስነቅለው እጄ ላይ ሟሟ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ለማንም ነግሬው አላውቅም። ያ ቦይ ተሠርቶ ሲያልቅ «በመልካም ሁኔታ ይገኛል» ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ፀሐዩ ከርሮ ስለነበር ከመኪና ሳልወርድ፣ ከአስፋልቱ ዳር ሆኜ ነው ያየሁት። ከአስፋልቱ ሲታይ በእርግጥም መልካም ሁኔታ ላይ ነበር።

ለሴትየዋም ይህን አልነገርኳቸውም። ልናገር ስል እሳቸው ቀድመው፣ «ዝናቡ ነው የሰነጠቀው» አሉ፤ እኔም ዝናቡ እንዲሸከመው ተውኩት።

ሲሚንቶ በአስቸኳይ ተጠይቆ በሦስት ሳምንት መጣ፤ ለእኛ ይህ ፍጥነት ነው። እስከዚያ ድረስ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ውሃውን ወደ ጅረቱ የሚመልስ ጉድብ ቆፈርን። ሁለት ቀን አካፋ ይዤ ዋልኩ። መዳፌ ሲላጥ ገበሬዎቹ በጨዋነት ፊታቸውን እያዞሩ ሳቁ። ሲሚንቶው ሲመጣ አብሬ አቦካሁ፤ በወረቀት እንጂ በእጄ አቡክቼ አላውቅም ነበር። ስንጥቁ ተደፈነ፤ ውሃ ስንለቅበት አልነጠበም። እኔ ሌላ ሁለት ጊዜ ሄጄ አየሁት፣ ስላላመንኩት።

ከሽንኩርቱ የተረፈው ግማሽ አይሞላም። በጠፋው ቦታ በቀጣዩ ወር ሌላ ነገር ለመዝራት ማሳው መድረቅ ነበረበት። ሴትየዋ ዳሩ ላይ ቆመው ረግረጉን በእንጨት እየወጉ ሲመረምሩ፣ ይወቅሱኛል ብዬ ጠበቅሁ። ብወቀስ ይቀለኝ ነበር።

«ለጥቅምት ይደርቅ ይመስልሃል?» አሉኝ።

በቢሮ ልማዴ «ይጣራል» ልላቸው ነበር። ጎንበስ ብዬ አፈሩን ጨበጥኩት፤ በጣቶቼ መሐል ሾልኮ ወጣ።

«አይመስለኝም፣ እማማ። ኅዳር ይሻላል።»

«ኢንሻ አላህ» አሉና እንጨታቸውን ነቅለው ወደ ደረቁ ጎን ተሻገሩ።