የእትዬ ዓባይነሽን ዕድሜ የማያውቅ ሰዓት

አሁን ነው የገባነው። ካርሜ ጋት ከሚባለው አዲሱ ሰፈር እስከ ቤታችን ድረስ እትዬ ዓባይነሽ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። አውቶቡስ አልገባም ብለው በእግር ነው የመጣነው። ኧረ ቆም ይበሉ፣ ልብዎ ነው እያልኩ ስከተል መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያየናል። ሊፍቱን አልጠበቁም፣ ደረጃውን ወጡት። በሩን ከፈቱ፣ ሰዓቱን ከእጃቸው ፈትተው ሰጡኝና «ይኸን ነገር ከፊቴ አጥፊልኝ። ካላጠፋሽው በመስኮት ነው የምወረውረው» አሉኝ። መኝታ ቤታቸው ገብተው ዘጉት። በበሩ በኩል አምቡላንስ ልጥራ ወይ ብዬ ብጠይቅ «ከጠራሽ አክስትሽ አይደለሁም» አሉ።

እሑድ ጠዋት፣ የሳምንቱ ሥራ ሲጀመር፣ ሚፍዓሉ ምስራድ ይጠብቋቸዋል፣ ማለት የፋብሪካው ቢሮ። ሥራቸውን ሊያጡ ይችላሉ። ይኸ ሁሉ ስንት ዘመን አፍነው የያዙትን ነገር ዛሬ በሰው ፊት፣ በንዴት ስላወጡት ነው። እንዳልረሳው ልጻፈው።

እትዬ ዓባይነሽ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ከወገራ ተነስተው ሱዳን ድረስ በእግር ሄደው፣ ከዚያ እዚህ እስራኤል የመጡ ናቸው። እናቴ ያኔ ቀርታ ከብዙ ዓመት በኋላ እኔን ይዛ መጣች። እኔ እዚህ ትምህርቱ አልሆነልኝም፣ ዕብራይስጡ ሳይገባኝ ክፍሉ አለፈኝ፣ ተውኩት። እሳቸው ናቸው «ነይ፣ ቤት ተኝተሽ ግድግዳ ከምታዪ» ብለው ሚፍዓል ያስገቡኝ። የጠርሙስ ክዳን ነው የምንሠራው። ክዳኑ በማሽኑ እንደ ዝናብ ይወርዳል፣ እኛ ጠማማውን እንለቅማለን። እሳቸው አንዱን ጠማማ ከመቶው መሃል እያወሩ ያወጡታል። እኔ እስካሁን ያመልጠኛል።

እንግዲህ ከፋሲካ በኋላ ኦፊር የምትባል ልጅ መጣች። የሠራተኛውን ጤና የምታይ ኃላፊ ናት አሉን። የኢንዱስትሪ ቀጠናው ፋብሪካዎች የሩጫ ውድድር አላቸው፣ ለሚመዘገብ ሁሉ ሰዓት ይሰጣል አለች። እትዬ ዓባይነሽ ስኳር አለባቸው። ሐኪሟ «ተንቀሳቀሺ» እያለች ስታሰለቻቸው ስለከረመች ተመዘገቡ። እኔ ሳቅሁ። «ምን ያስቅሻል?» አሉኝ። «ሱዳን ድረስ ስሄድ ማን አሰልጣኝ ቀጠረልኝ?»

ኦፊር ስልካቸውን ተቀብላ ስማቸውንና የተወለዱበትን ቀን ሚፍዓሉ ጋ ካለው መታወቂያቸው ላይ ገልብጣ አስገባች። ሰዓቱን ግራ እጃቸው ላይ አሰረችው። አልሠራም። ግራ እጃቸው አንጓው ድረስ ንቅሳት አለበት፣ ልጅ ሆነው የተነቀሱት። ከሰዓቱ ሥር የሚበራው አረንጓዴ መብራት ንቅሳቱን አያልፈውም። «ዓባይ፣ ሰዓቱ የሞትሽ መስሎታል» ብላ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። ወደ ቀኝ እጃቸው ስናዞረው ልባቸውን አገኘው።

ሰዓቱ በስልኩ በኩል ይናገራል፣ የሴት ድምፅ፣ በዕብራይስጥ። መጀመሪያ ጊዜ ቤት ውስጥ መጣላት ሆነ።

«ቀስ በይ፣ ልብሽ ፈጥኗል» ትላለች።

«ቀስ ብል ሹፌሩ ይጠብቀኛል? ቀስ በይ ትለኛለች እንዴ፣ የትናንት ልጅ።»

የሌሊት ሚሽመሬት፣ ማለት ፈረቃ፣ ሠርተው ሲገቡ ደግሞ «ሰውነትሽ አላገገመም፣ ዛሬ ዕረፊ» ትላቸዋለች።

«ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ፣ ለኃላፊው ንገሪው እንጂ።»

አንድ ቀን ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ሮጠው ሲያበቁ «ልምምድሽ ፍሬ አላመጣም» ብላ ጻፈችባቸው። እኔ ነኝ ያነበብኩላቸው። ምነው ባላነበብኩት ኖሮ። ቀኑን ሙሉ ክዳኑን በንዴት ሲወረውሩ ዋሉ። «ፍሬ አላመጣም? እሷ ምን አመጣች?»

ቢሆንም ሩጫውን ወደዱት። ይኸን ማንም አያውቅም፣ እኔ ነኝ የማውቀው። ማለዳ ረጅም ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጭ ጫማ አድርገው፣ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው ብሎኮቹን ይዞራሉ። ሲመለሱ ፊታቸው ሌላ ነው። ታች በሩ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ አባ አንሙት ይቀመጣሉ፣ ጎረቤታችን ናቸው፣ ዱላቸውን ይዘው።

«ዓባይነሽ፣ ማን እያሳደደሽ ነው?»

«እርጅና ነው አባ አንሙት። አንቱን ይዞ ጨርሶ ወደኔ መጣ።»

«ታዲያ ወደዚህ አታምጪው፣ በዚያ በኩል ሩጪ።»

ስኳራቸው ወረደ። ሐኪሟ ደስ አላት። እኔም እየለመድኩ አብሬያቸው መሮጥ ጀመርኩ።

ግን የዕድሜው ነገር አለ። ሰዓቱ መጀመሪያ ዕድሜን ነው የሚያየው። ከዚያ ላይ ነው ልብ እስከምን ድረስ ቢመታ ደህና ነው የሚለውን የሚያሰላው። ለወጣት ብዙ ይፈቅዳል፣ ለሽማግሌ ይቀንሳል። በቀለም ነው የሚያሳየው፣ ሰማያዊው ቀላል ነው፣ አረንጓዴው ደህና፣ ብርቱካኑ ከባድ፣ ቀዩ ላይ ቁሚ ይላል። እና የእትዬ ዓባይነሽ መታወቂያ ሃምሳ ሰባት ይላል። እውነተኛው ስድሳ ስድስት ነው።

ይኸ በእኛ ሰው ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። ያኔ ሲደርሱ አንድ ጸሐፊ ወረቀት ይዞ ተቀመጠ። መቼ ተወለድሽ አላቸው። «አባቴ አዲሱን ቤት በሠራ በዓመቱ» አሉት። አስተርጓሚው ሳቀ። ጸሐፊው ቀና ብሎ አያቸው። ከሱዳን የወጣ ሰው አጥንት ብቻ ነው፣ ትንሽ ልጅ ይመስላል። የመሰለውን ዓመት ጻፈ፣ ቀኑን ጃንዋሪ አንድ አለው። በእኛ ሕንፃ ያለ ትልቅ ሰው ሁሉ ጃንዋሪ አንድ ነው የተወለደው። ያን ቀን የሱቁ ሁሉ መልእክት ስልካቸው ላይ ይመጣል፣ እንኳን ተወለድሽ፣ ቅናሽ አለሽ። እናቴ የእሳቸው ታናሽ ናት። እሷ ስትመጣ ግን በትክክል ስለተመዘገበች በመታወቂያ ታላቃቸው ሆናለች። ሲናደዱ «እታለም» ይሏታል፣ ታናሽየዋን። እናቴ ታለቅሳለች።

አንድ ጊዜ ላስተካክል ብለው ሄደው ነበር። ማስረጃ አምጪ፣ ያኔ የሚያውቁሽን ሰዎች አምጪ አሏቸው። «የሚያውቁኝ ሱዳን ተቀብረዋል፣ ሄዳችሁ ጠይቋቸው» ብለው ወጡ። ከዚያ በኋላ አፋቸውን ዘጉ። ጡረታ መውጣት ሲገባቸው ክዳን ይለቅማሉ። ዕድሜያቸው ከታወቀ ደግሞ አርጅተሻል ብለው የሚያሰናብቷቸው ይመስላቸዋል። በዚያም በዚህም የታሰሩ ናቸው።

እኔ ነገሩ ሲገባኝ ነገርኳቸው። «እትዬ፣ ሰዓቱ ላይ ብቻ ዕድሜውን እንቀይረው። ማን ያያል?»

«ሰዓቱ የማን ነው?»

«የሚፍዓሉ።»

«ስሜ ያለው የት ነው?»

የት እንዳለ እናውቃለን። ምግብ ቤቱ ውስጥ ትልቅ ስክሪን አለ፣ የሯጩ ሁሉ ስምና ቁጥር ይታይበታል፣ ማን ስንት ሮጠ፣ የማን ልብ ስንት መታ፣ ማን በዕድሜው ስንተኛ ነው። ሾርባ እየጠጣን የምናየው።

«እና በገዛ እጄ ልጽፍላቸው? ተይኝ። የጻፉልኝን ይዤ እሮጣለሁ።»

ኦፊርንም ሐኪሟንም ያመኑትን ያህል ሰዓቱን አላመኑትም፣ ግን ሰዓቱን ፈሩት። መንግሥት መሰላቸው። እኔስ ብሆን መች ለየሁት። አንድ ነገር አንዴ ከተጻፈ የት የት እንደሚሄድ ማን ያውቃል።

ዛሬ ሐሙስ ከሥራ በኋላ ከውድድሩ በፊት የመጨረሻው ልምምድ ነበር። ካርሜ ጋት፣ በአዲሶቹ ሕንፃዎች መሃል፣ ዳገቱ ላይ። ሙቀቱ ገና አልወረደም። ልጆች የያዙ ወጣት እናቶች ያልፋሉ፣ እኛ በሚፍዓሉ ቢጫ ካናቴራ ተሰልፈናል። እትዬ ዓባይነሽ ካናቴራውን በቀሚሳቸው ላይ ደርበውታል። ጀመርን።

ዳገቱ ግማሽ ላይ ትንፋሻቸው ሲቀየር ሰማሁ። «ይቁሙ» አልኳቸው። የሰዓቱ ሴት ግን «ገና አቅም አለሽ፣ ጨምሪ» አለች። ብርቱካን ነው፣ ቀይ አልገባም። ያ ሰዓት የሚያየው የሃምሳ ሰባት ዓመት ሴት ነው። እሳቸው እኔን አዩኝ፣ ሰዓቱን አዩት፣ ጨመሩ። ትንሽ እንደሄዱ የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ በጉልበታቸው ወደቁ። ከንፈራቸው ነጣ።

ኦፊር ውኃ ይዛ ሮጣ መጣች። ሰዎቹም ከበቡን። መጀመሪያ ሰዓቱን ነው ያየችው፣ ፊታቸውን አይደለም።

«ዓባይ ማሚ፣ ምንም የለም» አለች። «ቀይ እንኳን አልደረስሽም። በዕድሜሽ ይኸ ኖርማሊ ነው።»

እትዬ ዓባይነሽ መናገር አልቻሉም፣ በእጃቸው ቆይ አሏት።

«ነገሩ ጭንቅላት ውስጥ ነው፣ አይደል? እናቴ ካንቺ በሁለት ዓመት ትበልጣለች፣ ዳገት እየሳቀች ነው የምትወጣው። ትንሽ ብቻ መፈለግ አለብሽ።»

እኔ ፊታቸውን ሳይ አወቅሁ። ክዳን ሲወረውሩ የሚሆኑትን ሆኑ። ትከሻዬን ይዘው ተነሡና በዕብራይስጥ፣ ቀስ ብለው፣ «እኔ ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው» አሏት።

ሺራን፣ ከእኛ ማሽን የምትሠራው፣ ሳቀች። «ዓባይ ስትደክም ትቀልዳለች።»

«አልቀልድም። እናትሽ የእኔ ታናሽ ናት፣ ንገሪያት» አሉ ለኦፊር። «ዘጠኝ ዓመቴን አንድ ሰው በእስክሪብቶ ወሰደው። ያንን ዘጠኝ ዓመት እናንተ ጋ ቆሜ ሠራሁት። አሁን ደግሞ አልፈለግሽም ትይኛለሽ።»

ኦፊር ቀላች። ክፉ ልጅ አይደለችም፣ እኔ እንደማየው። ግን ፈራች፣ የፈራ ሰው ደግሞ ወደ ሕግ ነው የሚሮጠው። «እንዲህ ከሆነ እንዴት በዚህ ዕድሜ አስሮጥኩሽ? ኢንሹራንሱ አለ። ማሳወቅ አለብኝ። እሑድ ጠዋት ምስራድ ነይ፣ ከኃላፊው ጋር እንነጋገራለን» አለች።

«እመጣለሁ» አሉና ወደ ቤት መንገድ ጀመሩ።

ይኸን እየጻፍኩ ሳለ፣ በሩን ከዘጉ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ወጡ። ውኃ ጠጡ። እጃቸውን ያዝኩ፣ ልባቸው ረግቷል። ነገ ጠዋት ሐኪሟ ጋ ወስዳቸዋለሁ፣ ቶር፣ ማለት ቀጠሮ፣ ባይኖረንም። እሱን እሺ አሉ።

«እሑድ ምን ይላሉ?» አልኳቸው።

«ምን እላለሁ? እውነቱን ካልኩ ጡረታ ይሰጡኛል? አይሰጡኝም፣ ወረቀት አምጪ ይሉኛል። ሥራውን ለመውሰድ ግን ወረቀት አይጠይቁኝም።»

«ሩጫውስ ይቅር?»

ተቆጡኝ። «ሩጫው ምን አደረገኝ? ሩጫው ነው የበደለኝ? ሰዓቱ ነው፣ ሰዓቱንም ያሳሳተው ያ ጸሐፊ ነው፣ ጸሐፊው ደግሞ ስሙን እንኳ አላውቀውም። ማንን ልጥራ? ማን ላይ ልጩህ?» ብለው የጠጡበትን ብርጭቆ አስቀመጡ። ከዚያ «አንቺ ላይ ነው የምጮኸው፣ እዚህ ስላለሽ» አሉና ራሴን ዳበስ አድርገውኝ ገብተው ተኙ።

እሳቸው ከተኙ በኋላ ኦፊር ስልኬ ላይ ጻፈችልኝ። ለማንም ገና አልነገርኩም ትላለች። አክስትሽ ያንን ያሉት ተናደው ከሆነ ንገሪኝ፣ እተወዋለሁ፣ እንደነበረው ይቀጥላል። እውነት ከሆነ ግን ዝም ማለት አልችልም። እስከ ነገ መልሺልኝ ትላለች።

ተናደው ነው ብዬ ብጽፍ ሥራቸው ይተርፋል። ግን ስንት ዘመን ታፍኖ የወጣውን እኔ መልሼ አፍናለሁ፣ እሳቸውም በዚያው በተጻፈላቸው ዕድሜ ሲሠሩ ይኖራሉ። እውነት ነው ብዬ ብጽፍ ከሥራ የማስወጣቸው እኔ እሆናለሁ፣ ያስቀጠሩኝን ሴትዮ። ቀስቅሼ ልጠይቃቸው ብዬ በራቸው ድረስ ሄድኩ። ትንፋሻቸው ደህና ነው፣ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አልቀሰቀስኳቸውም። ለኦፊርም ገና አልመለስኩላትም። ምን ብዬ እንደምመልስ አላውቅም፣ እሑድም ምን እንደሚሆን አላውቅም።